ውሃ ማክሰኞ ነው የሚመጣው

ኮዬ ፈጬ ጫፍ ላይ፣ አስፋልት ሲያልቅበት፣
ብሎክ ሰማንያ ሦስት፣ አራተኛ ፎቅ ቤት፣
ውሃ በሳምንቱ ማክሰኞ 'ሚመጣበት፣
ቅዳሜ ማታ ነው ፊልም የምናይበት።

ጋሽ ቱፋ ይመጣል በርጩማውን ይዞ፣
ከምድር ጀምሮ ደረጃ ተጉዞ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት በምርመራ ክፍል
የሰውን ቃል ሲሰፍር፣ ሲያበጥር፣ ሲያንገዋልል
የኖረ ሰው ነበር። ጡረታ ሲወጣ
አንድ መጽሐፍ ብቻ ይዞ ወደዚህ መጣ፦
ሽፋኑ የሌለው፣ ቅጠሉ የወየበ፣
ተርጓሚው ማን እንደሁ ስሙ ያልተነበበ፤
በሩቅ አገር ወደብ፣ ጉም በሸፈነበት፣
አንድ የጨው ነጋዴ ሌሊት የታነቀበት፣
ግራ ጆሮው የማይሰማ መርማሪ ያለበት።

ይኸው ታሪክ ሦስቴ ፊልም ተሠርቶበታል፤
የመገናኛው ልጅ ሦስቱንም በፍላሽ ጭኖልኛል።

የመጀመሪያው ፊልም ቀለም አያውቅም፣
መርማሪው ቀጭን ነው፣ ቃል አያባክንም፤
አንዲት ነገር ጠይቆ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣
ቁጭ ይላል ዝም ብሎ፣
ተጠርጣሪው በገዛ አፉ እስኪለፈልፍ ጠብቆ።

ሁለተኛው ወፍራም፣ ባሥር ክፍል ተከታታይ፣
ሆዱ ከገባ ኋላ ነው ፊቱ የሚታይ፤
ሟች ገና ሳይቀበር ሾርባ ያስደግማል፣
ከገዳይ ጋር ስቆ፣ ከገዳይ ጋር ያማል።
እኔ እሱን ወድጄው፣ ጋሽ ቱፋ አይስማማም፦
«የጠገበ መርማሪ ነገር አያሸትም።
ደግሞ ያ ሰው በግራው አይሰማም ተብሏል፣
ገጽ አርባ ሁለት ላይ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል፤
ይኼ ግን በሹክሹክታ፣ በግራው ሲጠሩት፣
ዘወር አለና አላቸው፦ አቤት!»

ሦስተኛው ልጅ ነው፣ የዘንድሮ ፍሬ፣
ጣሪያ ላይ ይሮጣል እንደ ፈራ አውሬ፤
ስልኩን ሲነካካ ሬሳው ይበርዳል።
ጋሽ ቱፋ እሱን ሲያይ ከት ብሎ ይስቃል፦
«ሌባ ነው የሚሮጥ፤ መርማሪ ይቀመጣል።
የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል።»

እንዲህ ስንሟገት ክረምቱ ወጣልኝ።
አንድ ነገር ግን አለ፣ ቆይቶ የገባኝ፦
ሰዉ ሁሉ ተጠርቶ፣ ሳሎኑ ሲሞላ፣
መርማሪው ጣቱን ሊቀስር፣ ከብዙ ወሬ ኋላ፣
ጋሽ ቱፋ ይነሣል።
«ቧንቧ ሳልዘጋ ነው የመጣሁ መሰለኝ።»
በሦስቱም ፊልም ላይ፣ በዚያችው ደቂቃ።
ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ያያል ጨረቃ፣
ሙዚቃው ሲያበቃ ይመለሳል፣ በቃ።

ቧንቧ? በቅዳሜ?
ውሃ ማክሰኞ ነው የሚመጣው።

መጽሐፉን ለመንኩት፤ ሰጠኝ አንገራግሮ።
መጨረሻው የለም። አይጥ አይደል የበላው፤
በምላጭ ተቆርጧል፣ ቅጠሉ ተቆጥሮ።
ኅዳጉ ላይ በእርሳስ፣ ከመስኮት አስጠግቼ፣ ዓይኔን አጨንቁሬ፣
የደበዘዘ ጽሑፍ አነበብኩኝ ዛሬ፦
«ኅዳር ስድስት ሌሊት። እስከዚህ ለዲንቄ።»

ዲንቄን አይቻታለሁ፣
ከሱ አልጋ በላይ፣ በጥቁር ጥብጣብ፣ በመስታወት ውስጥ፤
ነጠላዋን ጣል አድርጋ፣ አንድ ነገር እንደምታዳምጥ።
ሌላውን ጨረስኩት ማንንም ሳልጠይቅ፦
ሕመም፣ ረጅም ሌሊት፣ የሚነበብ ገጽ፣
ከዚያ ወዲያ ድምፁን የሚሰማው የሌለ።
እሷ ያልደረሰችበት እሱም ላይደርስ ማለ።

ማታ ቀጭኑን ሰው እንደገና ከፈትን።
ባርኔጣው ወለቀ። ሳሎኑ ሞላ። ሰዉ ጸጥ አለ።
ጋሽ ቱፋ ተነሣ፦ «ቧንቧ…» እያለ።
ፊልሙን አቆምኩት፣
የመርማሪው አፍ እንደ ተከፈተ፣ ቃሉ ከንፈሩ ላይ እንደ ተንጠለጠለ።
«ጋሼ፣ ና፣ አልቋል» አልኩ።

መጣ። ቴሌቪዥኑን አየ። እኔን አየ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሐሰት ያበጠረ ዓይን
ሐሰቴን አነሣ፣ መዘነ፣ ለየ፣
መልሶም አስቀመጠው።

በርጩማውን ብብቱ ውስጥ አድርጎ፣ በሩን ሳብ እያደረገ፣
«ቀጭኑ ይሻላል» አለኝ፣ «መጠበቅ ያውቃል።
ያንቺው ወፍራም ግን…» ሳቀ፣
ግድግዳውን እየዳሰሰ
ደረጃውን ወረደ።